ቀኑ በረዘመ ጊዜ ፀሐይ ለምን ታንሳለች?

ተፈጥሮና ኑሮ

በዚህ ሳምንት ስለ ፀሐይ እንነጋገራለን። ጥያቄው የመጣው ከእናንተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር አንድ ምሽት ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ የትምህርት ጣቢያ ተሰብስበን እናነብ ነበር። ሁለት መስመር እንዳነበብን የሶላር መብራቱ ደከመ። ጥቂት ቆይቶም ጠፋ። አንድ አዛውንት ተማሪያችን ከጨለማው ውስጥ እንዲህ አሉ፦

«እናንተ ልጆች፣ በሰኔና በሐምሌ ቀኑ ይረዝማል ብላችሁን አልነበረም? ቀኑ ከረዘመ ይህች መብራት ለምን አልጠገበችም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን። ሆኖም አዛውንቱ ቀልድ ብቻ አልነበረም የተናገሩት። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም ከመብራት አልፎ ወደ እህላችን፣ ወደ ውኃችን፣ ከሁሉም በላይ ወደ ሕፃናቶቻችን ይደርሳል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ቀን ሌላ፣ ፀሐይ ሌላ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የቀን ርዝመት ነው። ይህ ፀሐይ ከምትወጣበት እስከምትገባበት ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ፀሐይ በግልጽ የምትታይበት ጊዜ ነው። ይህ ደመና ሳይጋርዳት በምድር ላይ ጥላ የምትጥልበት ሰዓት ነው። ቀኑ ረዥም ሆኖ ፀሐይ ልትጠፋ ትችላለች። ቀኑ አጭር ሆኖም ፀሐይ ልትበዛ ትችላለች።

በጎንደር ከተማ ከዓመቱ ሁሉ ረዥሙ ቀን ሰኔ 14 ገደማ ነው። ይኸውም ከሰኔ ሚካኤል ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ገደማ ትወጣለች። ማታ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትገባለች። ቀኑ 12 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ያህል ይሆናል።

አጭሩ ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣለች። ማታ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ትገባለች። ቀኑ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ ደግሞ ቀንና ሌሊት እኩል ሊሆኑ ይቃረባሉ። ተራራ በከለለው ሸለቆ የሚኖር ሰው ግን ፀሐይን ዘግይቶ ያያታል፤ ቀድሞም ያጣታል።

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን እንይ። ፀሐይ በግልጽ የታየችበትን ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አለ። በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች፣ ማለትም የአየር ሁኔታ በሚለካባቸው ቦታዎች፣ ይቀመጣል። የብርጭቆ ኳስ ነው። ከኳሱ ሥር ወረቀት ይደረጋል። ፀሐይ ስትወጣ ኳሱ ጨረሯን ሰብስቦ ወረቀቱን ይለበልባል። ደመና ሲመጣ መለብለቡ ይቆማል። ማታ የተለበለበው መስመር ሲለካ ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደታየች ይታወቃል።

በጎንደር አካባቢ ይህ መስመር የሚረዝመው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ሰማዩ ይጠራል። ፀሐይም ከቀኑ አብዛኛውን ክፍል ትታያለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ግማሹን ያህል እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ የአዛውንቱ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፦ በእኛ አገር ቀኑ የሚረዝመው ደመናው በሚበዛበት ወራት ነው። ሰማዩ የሚጠራው ደግሞ ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ነው። ቀኑ የሰጠንን ደመናው ይወስድብናል።

ጥላ ራሱ ይናገራል

«ይህን ሁሉ በምን እናውቃለን?» ትሉ ይሆናል። በዱላ ታውቁታላችሁ። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ጥላውን ተመልከቱ። በጎንደር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሩ። በግራችሁ ሰሜን ነው፤ በቀኛችሁ ደቡብ ነው። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ርዝመቱም 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሰኔ አጋማሽ ግን ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ርዝመቱ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተማ የምትኖሩ ሰዎችም የፋሲል ግንብን ጥላ በሁለቱ ወራት አስተያዩ። በአንዱ ወር ጥላው በአንድ ወገን፣ በሌላው ወር በሌላ ወገን ታገኙታላችሁ።

በዓመት ሁለት ቀን ደግሞ ዱላው እኩለ ቀን ላይ ጥላ አይኖረውም። ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በጎንደር አንደኛው ቀን ሚያዝያ 15 ገደማ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ 13 ገደማ ነው። ነሐሴ 13 ምን ቀን እንደሆነ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ቡሄ ነው! በደባርቅም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ልዩነት እንዲሁ ይሆናል። ይህ ጋዜጣ የሚደርሳችሁ ቡሄ ሳይገባ ስለሆነ ዱላችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ። ደመናው ከፈቀደላችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። አባቶቻችን የእጅ ሰዓት ሳይኖራቸው ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ጊዜ ያውቁ ነበር። የጾም መፍቻውንም ሰዓት በዚሁ ይለዩ ነበር። እኛ አሁን የምንጨምረው ምክንያቱን ማወቅ ነው።

ምክንያቱ የመሬት ማዘንበል ነው። አንድ ድንች በቀጭን እንጨት ውጉና ከመብራት ፊት ያዙት። እንጨቱን ትንሽ አዘንብሉት። ከዚያም የእንጨቱን አቅጣጫ ሳትለውጡ ድንቹን በመብራቱ ዙሪያ አዙሩት። በአንድ ወገን ሲሆን የድንቹ ላይኛው ክፍል ወደ ብርሃኑ ይጠጋል። በሌላው ወገን ሲሆን ከብርሃኑ ይርቃል። መሬትም እንዲሁ አዘንብላ በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን ትዞራለች። የሰሜኑ ክፍል ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል በዚያ ክፍል ቀኑ ይረዝማል። ከፀሐይ ሲርቅ ቀኑ ያጥራል። ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር ልዩነቱ ይበዛል።

የቀርጤስ ሰዎች እንዴት ናቸው?

ቀርጤስን ታውቋታላችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን የተወባት ደሴት ናት። በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገኛለች። ዛሬ የግሪክ አገር ክፍል ናት። ከእኛ ብዙ ወደ ሰሜን ትርቃለች። ስለዚህ በአንድ የቀርጤስ መንደር በሰኔ ወር ቀኑ 14 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። በታኅሣሥ ደግሞ 10 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው። በቀርጤስ ዝናብ የሚዘንበው ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ነው። ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔና በሐምሌ ሰማዩ እንደ መስተዋት ይጠራል። ወይራቸውና ወይናቸው በዚያ ፀሐይ ይበስላል። ለእነሱ ረዥም ቀንና ብዙ ፀሐይ አብረው ይመጣሉ። ለእኛ ተለያይተው ይመጣሉ። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ «በሰኔ ፀሐይ ይበዛል» ቢል ስለዚያ አገር እንጂ ስለ ወገራና ስለ ጃናሞራ አይናገርም። ያነበብነውን በራሳችን ሰማይ መመርመር አለብን።

ደመናው ከየት ይመጣል?

በክረምት ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ ተራራችንን ሲያገኝ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የሞቀ ድስት ክዳን ስታነሡ ከክዳኑ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ አይታችኋል? እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውኃ ይሆናል። ደመናም እንዲሁ ይሠራል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በሊማሊሞ ገደል ጉሙ እንደ ጢስ ሽቅብ ሲወጣ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

በበጋ ነፋሱ ይለወጣል። ደረቅ ነፋስ ስለሚነፍስ ሰማዩ ይጠራል። ነገር ግን ጥራቱ ዋጋ አለው። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው። ጋቢው ሲገፈፍ በቀን የገባው ሙቀት በሌሊት ወደ ሰማይ ያመልጣል። በጥቅምትና በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ደጋው ላይ ውርጭ የሚጥለው ለዚህ ነው። ቀን የሚያቃጥል ፀሐይና ሌሊት የሚቆረጥም ብርድ የአንድ ጥሩ ሰማይ ሁለት ልጆች ናቸው።

ደጅ ላይ የቀረች ፀሐይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ከተማሪዎቻችን አንዲት እኅታችን አለች። ልጇ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ግን አይራመድም። እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። የእጁም አንጓ አብጧል። መጀመሪያ ሰው ዓይን ነው የበላው አሏት። ክታብ አሠረችለት። ለውጥ የለም። በኋላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። የጤና ባለሙያው ልጁን አይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፦ «ይህ ልጅ ፀሐይ ይሞቅ ነበር?»

እኅታችን የነገረችንን እንደነገረችን እንጽፋለን። «በሐምሌ ወለድኩት። ደጁ ዝናብና ጭጋግ ነበር። ብርድ ይመታዋል ብዬ ከጓዳ አላወጣሁትም። ቤታችን መስኮት የለውም። ክረምቱ ሲወጣ አጨዳ ደረሰ። እሱን ከአያቱ ጋር ቤት ትቼ ገብስ አጭድ ነበር። አያቱም ምች ይመታዋል ብላ በፀሐይ አታወጣውም። ፀሐይማ ደጄ ላይ ነበረች። እኔ ጀርባዬ እስኪላጥ ሞቅኋት። ልጄ ግን አላገኛትም።»

ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል። አጥንት የሚያለሰልስ የሕፃናት በሽታ ነው። የሰው ዓይን ያመጣው አይደለም። ሰውነታችን ቫይታሚን ዲ የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። አጥንት የሚጠነክረው በዚህ ነው። ከምንበላው የምናገኘው ጥቂት ነው። የእናት ጡት ወተት እንኳ፣ ለሕፃን ከምግብ ሁሉ የሚበልጠው፣ ቫይታሚን ዲ በበቂ አይሰጥም። አብዛኛውን የሚሠራው ቆዳችን ራሱ ነው። ቆዳችን ግን ይህን የሚሠራው ፀሐይ ሲነካው ብቻ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለና ጨለማ ቤት የተቀመጠ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል። በፀሐይ አገር ተወልዶ ፀሐይ ያጣል።

የእኅታችን ልጅ መድኃኒት ተሰጠው። ፀሐይም መሞቅ ጀመረ። ዛሬ ግድግዳ ይዞ ይቆማል። እናቱ «ስሜን አትጻፉ፤ ነገሩን ግን ጻፉት» አለችን። ጻፍነው። እሷም ይህን ገጽ ራሷ ታነበዋለች።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሕፃናትን ፀሐይ እናሙቅ። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው እንዲጀመር ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ነፋስ የሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ የቤት ጥግ፣ ምረጡ። ዓይኑን ጋርዱለት። ልብሱን ግን አውልቁለት፤ በጨርቅ ላይ የወደቀ ፀሐይ አጥንት አያጠነክርም። በመስተዋት መስኮት ውስጥ የሚገባ ፀሐይም አይጠቅምም። ቅቤ ወይም ቅባት መቀባት ቢያስፈልግ ከፀሐይ በኋላ ይሁን። የእኩለ ቀን ፀሐይ ግን ያቃጥላል። አያቶች ምችን የሚፈሩት ያለ ነገር አይደለም፤ የሚፈሩት የቀትሩን ፀሐይ ከሆነ ልክ ናቸው። የጠዋቱን ግን አንከልክል። ክረምት ላይ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ሕፃኑን ይዘን እንውጣ። በአጨዳ ወራትም ለአያቱ አደራ እንበል። ልጁ በጊዜው ካልተቀመጠ፣ ካልቆመ ወይም እግሩ ከጎበጠ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሁለተኛ፣ ውኃን በፀሐይ እናክም። ማገዶ በማይገኝበት ጊዜ ይህ ዘዴ ይጠቅማል። ቀለም የሌለው፣ ያልተጫጫረ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ጥርት ያለ ውኃ ሙሉበት። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉት። ክዳኑን ገጥማችሁ ጣራ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አጋድሙት። ሰማዩ የጠራ ከሆነ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይዋል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ ሁለት ቀን ይቆይ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ከዘነበ ግን በዚህ ዘዴ አትተማመኑ፤ ውኃውን አፍሉት። የፀሐይ ሰዓት መቁጠር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ሦስተኛ፣ እህልን በበጋው ፀሐይ በደንብ እናድርቅ። እርጥብ እህል ጎተራ ውስጥ ይሻግታል፤ ነቀዝም ይወደዋል። ሻጋታ አንዳንዴ መርዝ ያመጣል። መድረቁን እንዲህ ፈትኑ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው እህል ጨምሩ። ሁለት ማንኪያ ያህል ደረቅ ጨው ጨምሩበት። ጥቂት ወዝውዙትና ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው፤ እንደገና አስጡት። ካልተጣበቀ ወደ ጎተራ አስገቡት።

አራተኛ፣ የሶላር መብራታችንን እንወቅበት። በክረምት ደመናው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ጭጋግ ከሌለ መብራቱን ጠዋት በማለዳ አውጡት። ወደ ቀትር አታቆዩት። የዛፍና የቤት ጥላ እንዳይደርስበት አድርጉ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት። ትምህርት ባለበት ቀን በከንቱ አታብሩት፤ ለንባብ ይቆይልን።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ሰዎች ፊደል የቆጠሩት በኩራዝና በፋኖስ ብርሃን ነበር። ዛሬ የምናነበው ቀን ባጠራቀምነው የፀሐይ ብርሃን ነው። የሐምሌዋ መብራት ብትጠፋም የጠየቁን አዛውንት አልተናደዱም። «እንግዲህ እስከ መስከረም ሰማዩን እንታገሠዋለን፤ እስከዚያ ግን ፊደሉን በቃሌ እይዘዋለሁ» አሉን። ደግሞም ያዙት።

የቃላት ፍች

ሚቲዎሮሎጂ፦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ፀሐይ የሚያጠና ትምህርት።
ሪኬትስ፦ የሕፃናትን አጥንት የሚያለሰልስና የሚያጎብጥ በሽታ።
ቫይታሚን፦ ሰውነት በጥቂቱ የሚያስፈልገው፣ ሲጎድል ግን በሽታ የሚያመጣ ነገር።

እንወያይበት

1. በሰፈራችሁ ሕፃናት ፀሐይ ይሞቃሉ? ካልሞቁ የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ብርድ ነው? ምች ነው? የሰው ዓይን ነው? ወይስ የሥራ ብዛት?
2. በአጨዳ ወራት ሕፃን ቤት የሚጠብቀው ማን ነው? ለዚያ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቡለት።
3. በቡሄ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ የዱላችሁ ጥላ ወዴት ወደቀ? ርዝመቱስ ስንት ነበር? ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉ። በታኅሣሥ 12 እንደገና ለክታችሁ አስተያዩት።

ያገኛችሁትን በሁለት ወይም በሦስት መስመር ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ። የፊደል ስሕተት አያሳፍርም። በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።